ተከራይን ያሸሸው አዋጁ ሳይሆን ቤቱ ነው

ሰሞኑን አንድ አከራይ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ነገር እዚህ ድሬዳዋ፣ ድሬ በምንላት ከተማችን፣ ከአፍ አፍ ሲዞር ሰነበተ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ገዢ ጠፋ፣ ተከራይም ቀበጠ፣ ለኪራይ ብሎ ቤት መሥራት ከእንግዲህ አያዋጣም ነው ያሉት። ንግግራቸው ብቻ ሳይሆን የጨበጨበላቸው ሰው ብዛትም አናደደኝ።

እስቲ ተከራዩ ምን ጠየቀ? ውሃ አለ ወይ አለ። ቆጣሪው የግል ነው ወይ አለ። ማታ እንቅልፍ ይወስዳል ወይ አለ። የደመወዙን እኩሌታ ለኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን ካልጠየቀ ምን ይጠይቅ? ይህ ቅብጠት ከሆነ ሁላችንም ቀብጠናል።

አዋጁም ቢሆን፣ ቁጥር 1320/2016፣ ያን ያህል የሚያስለቅስ ነገር የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ለማከራየት ብሎ ቤት ለሚገዛ ሰው ተከራይ ሁለት ዓመት መቀመጡ መርዶ ነው እንዴ? ኪሳራ የሚባለው ባዶ ቤት ነው። ባዶ ያደረገው ደግሞ አዋጁ አይደለም።

ድሬ ውስጥ ለኪራይ ተብሎ የሚሠራው ቤት የድሬ ቤት አይደለም። ፕላኑ ከአዲስ አበባ ተገልብጦ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ብርድ ነው። ሰፊ መስታወትና ዝቅ ያለ ኮርኒስ እዚያ ያሞቃል። ድሬ ግን ከአዲስ አበባ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ቆላ ናት። ግንቦትና ሰኔን እዚህ ያሳለፈ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ባለፈው ሳቢያን አካባቢ አንድ አዲስ ቤት ለማየት ሄጄ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። ኮርኒሱ በጅብሰም አጊጧል፣ ዙሪያውን ባለቀለም መብራት ተገጥሞለታል። ሳሎኑ ሙሉ መስታወት ነው፣ እሱም ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ። ደላላው በሩን ሲከፍት ወላፈኑ ፊቴን ገረፈኝ። ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። በውስጥ በኩል ትኩስ ነው። መኝታ ቤቱ ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነው። የሚከፈተውም ከጎረቤት ግንብ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። ነፋስ በየት ገብቶ በየት ይውጣ? ደላላው ኤሲ ይገጠምለታል አለኝ። ማን ገዝቶ? የመብራቱንስ ማን ከፍሎ? መብራት የጠፋ ቀንስ?

ኮንክሪት ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ማታ ሰው ሊተኛ ሲል ሙቀቱን ወደ ታች ይለቀዋል። ቆርቆሮ ከሆነና ኮርኒሱ ከተጠጋው ደግሞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ቬንትሌተሩ ትኩሱን አየር ያዞራል እንጂ አያበርደውም። ሕፃን ያላት እናት እዚያ ቤት ስንት ወር ትችላለች? ዕቃዋን ጭና ትሄዳለች። ባለቤቱ ግን ተከራይ ቀበጠ ይላል።

መልሱ ዓይናችን ሥር ነው ያለው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ከዚራ የሚባለውን የድሮ ሰፈር የቀየሱት ሰዎች ሙቀቱን አክብረውታል። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ መንገዱ ዳርና ዳር ዛፍ። እነዚያ ቤቶች ቀለማቸው ረግፎ፣ በራቸው ወላልቆ እንኳ ሰው ይፈልጋቸዋል። የኛ አከራይ ግን አንድ ክፍል ለማትረፍ ብሎ በረንዳውን በብሎኬት ይዘጋል። ግቢው ውስጥ ጥላ የሰጠችውን ኒም ቆርጦ ሰርቪስ ይደረድራል። አንድ ክፍል ጨመርኩ ይላል። ሦስቱን ነው ያበላሸው።

ውሃውም ሌላ ጣጣ ነው። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ውሃ ነው። የየቤታችን ማንቆርቆሪያ ይመስክር። ሻወሩን ይደፍነዋል፣ ቧንቧውን ያጠበዋል። ይህን የሚያውቅ ባለቤት ቧንቧ ያስጠርጋል፣ በቂ ሮቶ ይሰቅላል። ብዙው ግን ከሰቀለም ለራሱ ነው። ተራው ሲደርስ ተከራዩ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን ይደረድራል። በዚህ ላይ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ታስሮ ሂሳብ በመጣ ቁጥር ይጣላል።

ገዢውስ? ገዢ ሞኝ አይደለም። ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ተከራዮቹን ያናግራል። ቤቱ ስንት ወር ባዶ እንደከረመ ደጃፍ ላይ ካለው ሱቅ ይሰማል። ካርታው ላይ አንድ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ፈቃድ የሌለው የሰርቪስ ሰልፍ ሲያይ ቀብዱን መልሶ ኪሱ ይከታል። ቤቱ ከተማችንን ለሚያቋርጠው ለደቻቱ ወንዝ የቀረበ ከሆነ ደግሞ የ1998ቱን ጎርፍ ማን ይረሳል? ከ250 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ይህን ሁሉ ያየ ሰው የሚሸሸው አዋጁን ፈርቶ ነው ማለት ሰውን መናቅ ነው።

ሲሚንቶና ብረት እንደተወደደ አውቃለሁ። የኪራይ ገቢ ግብሩም እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፣ ቀላል አይደለም። ግን ሁለት መስኮት ትይዩ ማድረግ ስንት ብር ይጨምራል? መስታወቱን ከምዕራብ ፀሐይ ማዞርስ? ጅብሰሙ፣ ባለቀለሙ መብራትና የሚያንሸራትተው ሴራሚክ ከዚህ ይበልጥ ገንዘብ በልተዋል። ተከራይ ጠይቋቸው አያውቅም።

ከተማ አስተዳደሩም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት እሱ ማህተም በመታበት ፕላን ነው። ከእንግዲህ ማህተሙን ከመምታቱ በፊት ነፋሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣና ሮቶው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቅ። መልስ የሌለው ፕላን ፈቃድ አያግኝ። አሁን ባዶ ቤት ይዘው አዋጅ የሚራገሙት ባለቤቶችም ሰኔ ሳይመጣ የዘጉትን በረንዳ ያስፈርሱ፣ ለተከራይም የራሱን ቆጣሪ ያስገቡ።