አባባ 12 ከ15 አመጡ

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ሥራው ሁለት ስም አለው። አንዱ እዚህ የሚጠራበት፣ ሌላው አገር ቤት የሚወራበት። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ሲኤንኤ ነኝ፤ የነርስ ረዳት ማለት ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ለዕድርተኞቿ «ልጄ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው» አለች። ዕድርተኞቹ «ነርስ ናት» ብለው አሳለፉት። ሰፈሩ ጋ ሲደርስ ዶክተር ሆኛለሁ። በቀደም አንዲት ጎረቤታችን የኩላሊታቸውን ራጅ በቴሌግራም ላኩልኝ። ራጅ ማንበብ የት አውቄ! «እትዬ፣ ውሃ በብዛት ይጠጡ» አልኳቸው። እስካሁን ይመርቁኛል።

ሲኤንኤ መሆን ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ይሞክረው። በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያዛል። ስቴቶቹም የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። ሰው ተኝቶበት አንሶላ መቀየር፣ ግፊት መለካት፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ይማራሉ። እጅ መታጠብም ፈተና አለው። ቀልዴን አይደለም። አገር ቤት ጋውን የለበሰ ሰው እዚህ ቧንቧ ሥር ቆሞ እጁን ሲያሽ ፈታኟ ሰዓቷን እያየች ትቆጥርለታለች። አብሮኝ የተፈተነ አንድ የሂሳብ መምህር የነበረ ሰው በዚህ ወደቀ። በታጠበ እጁ ቧንቧውን ዘጋ። በወረቀት ይዞ ነበር መዝጋት የነበረበት። ማስተርስ አለው።

ሥልጠናው ላይ ብዙ የማይነሳው ነገር የሥራው ግማሽ ውሸት መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ ሽማግሌ መዋሸት ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች መረበሽ ይጀምራሉ። ሰንዳውኒንግ ይሉታል። እኛ ፎቅ ላይ አንዲት እመቤት አሉ። የእጅ ቦርሳቸውን ያነሱና በሩ ጋ ይቆማሉ። «እናቴ ትጠብቀኛለች፤ ልሂድ» ይላሉ። ዘጠናን አልፈዋል። እንግዲህ እውነቱን ልንገራቸው ካልክ «እናትዎ ሞተዋል» ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ገና ዛሬ መስማታቸው ነው። ያለቅሳሉ። ነገም አዲስ መርዶ፣ ከነገ ወዲያም። በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ጎረቤት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እዚህ ኮሪደር ላይ፣ ጓንት አጥልቆ፣ በየቀኑ አንድ ሰው ማርዳት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ስለዚህ እንዋሻለን። «እናትዎ ደውለው ነበር፤ ትንሽ ይቆያሉ። እስከዚያ ሻይ እንጠጣ።» ሻዩ ሲያልቅ መሄዳቸውንም ይረሱታል።

ጀርመኖች ይህን ውሸት በብረት አቁመውታል። ዱሰልዶርፍ የሚገኝ የአረጋውያን ማዕከል በሩ ላይ የውሸት አውቶቡስ ፌርማታ ተከለ። ምልክቱም አግዳሚውም አለ፤ አውቶቡስ ግን አይመጣም። ቤቴ ልሂድ የሚል ሰው እዚያ ቁጭ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ለምን እንደተቀመጠ ይረሳል፤ ያኔ ቡና ጋብዘው ያስገቡታል። ዓለም ተገረመ። እኔ አልተገረምኩም። አንበሳ አውቶቡስ ጠብቄ ያደግሁ ሰው ነኝ። የእኛ ፌርማታ የእውነት ሆኖ እንኳ ወዴት ልትሄድ እንደወጣህ ያስረሳ ነበር።

ስም እንዳልጠራ ሕግ አለብኝ። ሂፓ ይባላል፤ የ1996 ሕግ ነው። የታካሚን ምስጢር ያወጣ ሰው ከእንጀራው ይባረራል። ስለዚህ ጡረታ የወጡትን አስተማሪ «ቲቸር» እላቸዋለሁ። ቲቸር በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሺፍት ሲቀየር፣ ዊልቸራቸውን ነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ያቆማሉ። ዘግይቶ የገባውን ሁሉ በመነጽራቸው በላይ ያዩታል። «አውቶቡስ አመለጠኝ እንዳትለኝ» ይላሉ። ሱፐርቫይዘራችን የማትይዘውን እሳቸው ይይዛሉ። እኔ ራሴ የፓርኪንግ ቦታ ሳጣ ለሱፐርቫይዘሯ ሳይሆን ለቲቸር ነው ምክንያት የማዘጋጀው።

ሌላው ሙሽራዬ ነው። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት «ታገቢኛለሽ?» ይለኛል። እምቢ ስለው ይስቅና ቁርሱን ይበላል። አንድ ቀን ሁለት ሺፍት አከታትዬ ሠርቼ፣ ዓይኔ እየተዘጋ «እሺ፣ አገባሃለሁ» አልኩት። ደነገጠ። ደወሉን ተጫነ። ነርሷ እየሮጠች ስትመጣ «ይቺን ሴት አስወጡልኝ፤ ዓይኗ ገንዘቤ ላይ ነው» አለ።

ደወሉን ካነሳሁ አይቀር፣ የደወል ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቁርስ ያቀረበች ሠራተኛ ከኮሪደሩ ጫፍ ሮጣ የምትደርሰው የውሃ ኩባያው «ትንሽ ወደ ግራ» እንዲጠጋ ነው። ስትወጣ እንደገና ይደወላል። አሁን በዛ። የሰው ሠራሽ ጥርስ ነገርም አለ። በልተው ሲጨርሱ አውልቀው በናፕኪን ይጠቀልሉትና ትሪው ላይ ያስቀምጡታል። ትሪው ይነሳል፣ ናፕኪኑ ይጣላል። ከዚያ ዲግሪዋን በፍሬም አድርጋ የሰቀለች ሐበሻ ኩሽና ወርዳ ቆሻሻ ውስጥ ጥርስ ትፈልጋለች። ልጃቸው ቅዳሜ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነውና።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ።

አባባ እኛ ፎቅ ላይ ብቸኛው ሐበሻ ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ገቡ። እግራቸው እንጂ ጭንቅላታቸው ምንም አልሆነም። ካርዳቸው ላይ ያለውን ያነበበ ሰው ግን ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። በገቡ ሰሞን ነርሷ ጠዋት ሰዓት ጠየቀቻቸው። «ሁለት» አሉ፤ የእጅ ሰዓታቸውም ሁለት ይላል። የግድግዳው ስምንት ይላል። «ሰዓት ይምታታባቸዋል» ተብሎ ተጻፈ።

ቀጥሎ የምግብ ነገር መጣ። እንቁላል ይቀርብላቸዋል፤ ይመልሳሉ። የምግብ ባለሙያዋ መዝገቡን ስታገላብጥ አንድ ነገር አገኘች። ሰውየው እንቢ የሚሉት ረቡዕና ዓርብ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚጠፋ የምግብ ፍላጎት! የትኛው መድኃኒት ነው እንዲህ የሚያደርገው እየተባለ ስብሰባ ተቀመጡ። ጾም መሆኑን ነገርኳቸው። «እስከ መቼ?» አለች ባለሙያዋ። «እስከ ዕለተ ሞታቸው» አልኳት። ጻፈችው። ሐኪሙ ግን ለማንኛውም ብለው ማጠናከሪያ መጠጥ አዘዙ። መጠጡ ወተት አለው። አባባ እሱንም መለሱ። አሁን እምቢታው ሁለት ሆኖ ተመዘገበ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ እምቢታው በየቀኑ ሆነ። ደግነቱ ፋሲካ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። አባባ እንቁላሉን ጠራርገው በሉ፣ መጠጡንም ጨለጡት። ካርዳቸው ላይ «ለሕክምናው ጥሩ ምላሽ እየሰጡ ነው» ተባለ። ሐኪሙ በጣም ደስ አላቸው። እኔ ደግሞ የሰው ደስታ አላበላሽም። በጰራቅሊጦስ ማግስት የሚሆነውን አውቃለሁ፤ የሰኔ ጾም ይገባል።

ትልቁ ነገር የማስታወስ ፈተናው ነው። ቢምስ ይሉታል፤ ከ15 ነው የሚታረመው። ጠያቂዋ ሦስት ቃል ትናገራለች፦ ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ። እነሱን መድገም ነው። ከዚያ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ትጠይቅና መጨረሻ ላይ ሦስቱን ቃላት መልሰው እንዲያስታውሱ ታደርጋለች። 13 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ጤነኛ ነው። ከ8 እስከ 12 መካከለኛ ችግር አለበት። ከዚያ በታች ከባድ ነው።

ሶሻል ወርከሯ በስልክ አስተርጓሚ ጠራች። እኔ የአባባን ትራስ እያስተካከልኩ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ አባት» አለ ልጁ በስልክ።

አባባ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እንደምን አለህ ልጄ! ከወዴት ነህ?»

«ከአትላንታ ነኝ።»

«አገርህን ነው የምልህ።»

«ደጀን።»

«ደጀን! የማን ልጅ?»

የአያት ስም ተጠራ፣ የአጎት ስም ተጠራ፣ አንድ የሚያውቁት ቄስ ማረፋቸው ተነገረና አባባ ነፍስ ይማር አሉ። ሶሻል ወርከሯ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። «ምን እያሉ ነው?» አለች።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰላም እያሉ ነው።»

ፈተናው ተጀመረ። «ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ።» አባባ ደገሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ካልሲዬን አገኙት እንዴ?» አሉኝ። በልብስ ማጠቢያው በኩል የጠፋ ካልሲ ነበራቸው። ነርሲንግ ሆም የገባ ካልሲ ጥንድ ሆኖ አይወጣም።

«ዘመኑ ስንት ነው?»

«2017 ነዋ።»

«ወሩስ?»

«ጥቅምት።»

«ቀኑስ?»

«ዓርብ። እንቁላሉን ስመልሰው አላያችሁም?»

መጨረሻ ላይ ሦስቱን ቃላት ሲጠየቁ ሳያቅማሙ መለሱ። «ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ። ሰማያዊ አይደለም በላት ግን፤ የእኔ ጥቁር ነው።»

ውጤቱ ተደመረ። ዓመተ ምሕረቱን ከአምስት ዓመት በላይ የሳተ ሰው ለዚያ ጥያቄ ዜሮ ነው የሚሰጠው። ጥያቄው ሦስት ነጥብ ይይዛል። እንግዲህ የእኛና የፈረንጁ ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። አባባ ሌላውን ሁሉ ደፍነው 12 አመጡ። በአንድ ነጥብ ከጤነኞች ወጡ። ባሕረ ሐሳብን በቃሉ የሚያወርድ፣ የመቶ ዓመት በዓላትን ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሊቅ ቢመጣም በዚህ ፈተና 12 ነው የሚያመጣው።

«በእኛ አቆጣጠር ልክ ናቸው» አልኩ። ሶሻል ወርከሯ ስልኳን አወጣች፣ ፈለገች፣ አፏን ከፈተች። «አሥራ ሦስት ወር?» አለች። ቅጹ ላይ ግን የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚል ሳጥን አጣች።

ከመጋረጃው ወዲያ የክፍል ጓደኛቸው ሁሉንም ይሰማ ኖሯል። «አሁን 2017 የሆነበት አገር አለ?» አለ። «አለ» አልኩት። «ውሰዱኛ! በ2017 ሚስቴ በሕይወት ነበረች።»

አባባ «ምን አለ?» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። «ይምጣ በይው፤ ቤት ሞልቷል» አሉ።

ሶሻል ወርከሯ በኅዳጉ ላይ ረጅም ማስታወሻ ጻፈች። ውጤቱ 12 እንደሆነ ቀረ። ያን ዕለት ለሁለተኛ ሺፍት የቆየሁት እኔ ቀኑ ዓርብ መሆኑን ያወቅሁት ከአባባ ነው። ሐሙስ መስሎኝ ነበር። እኔን ግን ማንም አልፈተነኝም፤ ባጅ አድርጌያለሁ።

ባጅ ያደረገ ሰው የሚፈተነው ስቴት ሲመጣ ነው። ስቴት ማለት የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነው። ቢዘገይ በ15 ወር አንዴ ይመጣል፣ ሳይናገር ይመጣል። የመጣ ዕለት ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ጠፋ የተባለው ጓንት በካርቶን ይወርዳል። ደወል ሳይደወል ይመለሳል። ከረባት ያሰሩ ኃላፊዎች ትሪ ተሸክመው «ሾርባው አልበረደም?» እያሉ ይዞራሉ። አረጋውያኑ እነማን እንደሆኑ ይጠይቁናል። እኛም አንዳንዶቹን አናውቃቸውም።

ባለፈው የመጣችው ተቆጣጣሪ አንዷን አዲስ ልጅ ኮሪደር ላይ አስቆመቻት። «እሳት ቢነሳ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት። አራት ነገር ነው፣ በቅደም ተከተል፤ በየስብሰባው ያስደግሙናል። ልጅቷ ጠፋባት። ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ያ ስብሰባ የሚካሄደው ቲቸር በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ከዊልቸሩ ላይ ድምፅ መጣ።

«መጀመሪያ ሰው ማውጣት። ከዚያ ደወል። ከዚያ በር መዝጋት። ከዚያ ማጥፋት። ልጄ፣ ማታ ማታ አጥኚ።»

ተቆጣጣሪዋ ዞረች። ፊቷ በራ። «እሜቴ፣ እዚህ ያለዎት አያያዝ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«እኔ እዚህ አልኖርም። የቀረ መምህር ተክቼ ነው» አሉ ቲቸር። ከዚያ ባጇን በመነጽራቸው በላይ አዩት። «ስምሽ ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ክፍል ሳትገቢ መጀመሪያ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደሽ ተመዝገቢ።»

ተቆጣጣሪዋ ማኅደሯን አቅፋ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች። እስከ ምሳ ሰዓት አልወጣችም።