የክቡርነታቸው ፈረስ

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የክልል ከተማ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። የፊዚክስ መምህር ነው። የሁለት ወር ደመወዙ እንዳልገባለት ስለማውቅ ብር ሊበደረኝ ነው ብዬ ልቤን አዘጋጀሁ።

«ጋሼ፣ መዋጮ ተጻፈብን» አለኝ።

«የምን መዋጮ?»

«ርዕሰ መስተዳድሩ ወደ ሌላ ኃላፊነት ስለተዛወሩ ለሽኝት ነው። ለካባና ለፈረስ።»

እንኳን ደስ አለን! እኔማ ስልኩን ዘግቼ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። «ወደ ሌላ ኃላፊነት» የሚለውን አባባል የፈጠረ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ካባውን ለእርሱ አለብሰው ነበር። አባቶቻችን አንደበተ ሻካራ ነበሩ፤ «ተሻረ» ብለው ይገላገሉ ነበር። ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ በ1920 ዓ.ም. ከሲዳሞ ገዥነት ሲነሡ ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን። ሠራዊታቸውን አስከትለው አዲስ አበባ መጡ፤ እርሳቸው ግብር ላይ ተቀምጠው ሳሉ ከሰፈር የቀረው ጭፍራቸው ተበተነ፣ ግዛታቸው ለሌላ ተሰጠ፣ በመጨረሻም ገዳም ገቡ። (ጣሊያን ሲመጣ ከገዳም ወጥተው ሲዋጉ መሞታቸው ሌላ ጨዋታ ነው።) የዛሬው ተሻሪ ግን ገዳም ምን በወጣው? አምባሳደር ይሆናል፤ ካልሆነ አማካሪ፤ ያም ካልተገኘ የቦርድ ሰብሳቢ። ሹም እንደ ችግኝ ነው፤ ከመደብ ወደ መደብ ካላዛወሩት አያድግም። የበቀለበት መደብ መድረቁን ማንም አይጠይቅም።

የካባው ነገርማ እጅግ ያኮራል። በድሮው ዘመን ካባ የሚያለብሰው ንጉሡ ነበር፤ የሚለብሰው ተሿሚው። ዛሬ አልባሹ ተገዥው ሆኗል። ይህ የሕዝብ ሥልጣን ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ሹሙ ሲመጣ እናለብሰዋለን፣ ሲጎበኝ እናለብሰዋለን፣ ሲሄድ እናለብሰዋለን። ወረዳው ያለበሰውን ዞኑ ይደርብበታል። በሐምሌ ቁር ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ በቆላ፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣ በሙሉ ልብስ ላይ ሦስት ካባ ተደርቦበት ላቡን በእጁ ጀርባ የሚጠርግ መሪ አይቶ «ለሕዝብ ሲል ይደክማል» የማይል ደንዳና ማን ነው?

ወደ ፈረሱ ልመለስ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ ዳማው ፈረስ የሚኖረው ከከተማው ዳር ከአንድ አዛውንት ግቢ ነው። የመጀመሪያው ርዕሰ መስተዳድር ሲሸኙ ከነኮርቻው፣ ከነግላሱ፣ ከነእርካቡ ተበረከተላቸው። ልጓሙን ያዙ፣ አንገቱን መታ መታ አደረጉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ከዚያ ጥቁር መስታወት ባለው መኪናቸው ገብተው ሄዱ። ፈረሱ ከድንኳኑ ኋላ እንደቆመ መሸ። መኪና ውስጥ አይገባ፣ አዲስ አበባ ለመንግሥት ሠራተኛ በተሰጠ ቤት አይታሰር፣ ምን ይደረግ? የሽኝት ኮሚቴው በዚያው ምሽት ተሰብስቦ «ፈረሱ ለጊዜው ባለቤቱ ዘንድ እንዲቆይ» ብሎ በቃለ ጉባኤ ወሰነ። ሁለተኛው ሲሸኙ ሌላ ፈረስ ከየት ይምጣ? ያው ዳማ ተገዛ። ለጊዜውም ተመለሰ። ሦስተኛው ሲሄዱም እንዲሁ። አሁን አራተኛው ናቸው። አዛውንቱ አንዱን ፈረስ አራት ጊዜ ሸጠው አንድም ቀን ከግቢያቸው አልወጣባቸውም፤ በሀገራችን እንዲህ ያለ ንግድ ያወቀ የምጣኔ ሀብት ምሁር ካለ ይምጣና ያስተምረን።

ቆይ፣ አላበቃሁም። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ሹማምንት ያላቸውን ንብረት እንዲያስመዘግቡ ያዛል። አራቱም ሕግ አክባሪዎች ከሆኑ መዝገቡ ላይ አራት ፈረስ አለ፣ ሜዳው ላይ ግን አንድ። በፍትሐ ብሔር ብንከራከር ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እግር ይደርሳቸዋል። ለአምስተኛው ተሿሚ የቀረው ጭራው ብቻ ነው። ደግሞ በታላላቆቹ ዘመን መሪ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ይኼን ዳማ ስም አውጣለት ብባል «አባ ለጊዜው» እለው ነበር። በዚያ ክልል ከእርሱ በላይ በሥራው ላይ የቆየ ባለሥልጣን የለማ! መናኸሪያው ከከተማ ሲወጣ እርሱ ነበር፤ የሚቀጥሉት መጥተው ወደ ከተማ ሲመልሱት እርሱ ነበር፤ ሦስተኛው በሁለቱም ላይ ጥናት ሲያዝዙ እርሱ ሣሩን ይግጥ ነበር። የመንገድ ዳር ሱቆች በትእዛዝ ሰማያዊ ሲቀቡ፣ ዓመት ሳይሞላ በትእዛዝ ግራጫ ሲቀቡ አይቷል። ቀለሙን የገዛው ባለ ሱቁ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ ይኼኛው ማድረሱንም ትቶታል።

በየሽኝቱ የሚናገሩት የሀገር ሽማግሌ ንግግርም ሳይመሰገን አይታለፍም። «እንደ እርስዎ ያለ መሪ አልመጣም፣ አይመጣምም» የሚል ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ታጥፎ ይኖራል። ለአራቱም የተነበበው እርሱ ነው፤ የሚለወጠው ስሙ ብቻ። በሦስተኛው ሽኝት ስሙን ሳይለውጡ የሁለተኛውን አነበቡ አሉ። ጭብጨባው አልተጓደለም። የራሳቸው ምስል በትልቅ ክፈፍ ተሥሎ ለራሳቸው የተበረከተላቸው ተሸኚም ዕንባ አቅርረው ነበር።

አሁን ቀልዱ ይቅር። ደመወዙን ያልተቀበለ መምህር ስም ፊት ለፊት የብር መጠን ጽፎ «በሙሉ ፈቃደኝነት» ብሎ ማስፈረም ስጦታ አይደለም፤ ቅሚያ ነው። በዚያች ከተማ ጤና ጣቢያው ወላድን «ጓንት ገዝታችሁ ኑ» ብሎ ይመልሳል። ባሏ በሌሊት መድኃኒት ቤት ሲያንኳኳ የሚያድርበት ብር ነው ካባ የሆነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ተጠያቂ ይሆናል ይላል። ካባ ይደረብለታል አይልም። መናኸሪያውን ማን አወጣው፣ ማን መለሰው፣ ስንት ወጣበት ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ ከዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ሁሉም እጁ በጭብጨባ ተይዞ ነበር። እኛም ነን እንጂ እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ ካባውን ማንም በግድ በትከሻቸው ላይ አልጫነም፣ እኛ ነን ተጋፍተን ያለበስናቸው።

ይቅርታ፣ በሽኝት ቀን ይህን ማውራት ነውር ነው። ሹመት ያዳብር!

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ መልሶ ደወለ። ደመወዙ አሁንም አልገባም። ሽኝቱ ግን ያማረ ነበር አለኝ፤ በዜናም ታይቷል፣ ከኋላ ቆሞ ሲያጨበጭብ እርሱም ለአንድ አፍታ ታይቷል። አሁን ደግሞ አዲሱ ርዕሰ መስተዳድር ስለሚገቡ የአቀባበል መዋጮ ወረቀት እየዞረ ነው።

«ፈረሱስ?» አልሁት።

«ደህና ነው ጋሼ። ዛሬ ሲያጥቡት አየሁት» አለኝ። «ሐሙስ ሥራ አለበት።»