ርካሽ ለማን?

ስለምኖርባት የደቡብ ኢኳዶር ትንሽ ከተማ «ቪልካባምባ እኮ ርካሽ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አንገሸገሹኝ። ለማን ነው ርካሽ? ኢኳዶር ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው፤ እኛ የዋሽንግተን ጡረታችንን ይዘን እዚህ ተራራ ሥር ስንሰፍር የመሬቱ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ የአገሬው ሰው ደሞዝ ግን የዚያን ያህል አላደገም። ዳቦ የምትሸጥልኝ እናት ልጇ ጎጆ መቀለሻ መሬት አጥቶ ሎሃ ከተማ መግባቱን ዛሬ ጠዋት ነገረችኝ። ዱቄት በነካው እጇ እንባዋን ስትጠርግ የምለው ጠፋኝ። አጠገቤ ወረፋ የያዘው ፈረንጅ ደግሞ ስንት ዓመት ኖሮ በስፓኒሽ ደህና አደርሽ እንኳን አይላትም! ዝናብ መጥቶ የሎሃን መንገድ ናዳ ሲዘጋው ግን አካፋ ይዘው የሚወጡት እነዚሁ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ያናድዳል፣ በእውነት ያናድዳል።