ጥቁር ሽቦ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ አይደለም

በአሮጌ የአሜሪካ ሞተርሆም (መኖሪያ ክፍል ያለው መኪና) ጣሪያ ላይ የአየር ማስወጫ ማራገቢያ እንዴት እንደሚገጠም ለጠየቁት ሰው ብዙዎች «ጥቁሩ ሽቦ ኔጌቲቭ ነው፤ ቀለሙን ከቀለሙ አገናኝና ጨርስ» ብለው መልሰዋል። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ነው፤ በሞተሩ በኩል ላሉት የመኪና ሽቦዎችም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። በመኖሪያው ክፍል ግን አያስተማምንም።

በብዙዎቹ የአሜሪካ ሞተርሆሞች የመኖሪያው ክፍል የ12 ቮልት መስመር ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ሆኖ የተዘረጋ ነው። መኪናው ሲያረጅ ደግሞ የቀድሞ ባለቤቶች እጃቸው የገባውን ሽቦ ሁሉ ቀጥለውበት ይሆናል። ከውጭ ኤሌክትሪክ የሚመጣው የ120 ቮልቱ መስመርም ጥቁርና ነጭ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል።

ስለዚህ ቀለሙን ትተው ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይያዙ። አስቀድመው የውጭውን ኤሌክትሪክ ይንቀሉ፤ ጄኔሬተርና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 120 ቮልት የሚቀይር መሣሪያ) ካለም ያጥፉ። ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ያስነኩ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ የቴስተሩ ቀይ ጫፍ የነካው ፖዘቲቭ ነው። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከታየ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፊውዙን ነቅለው ማገናኘት ከዚህ በኋላ ነው።

ተገልብጦ ከተገጠመ ተራው ማራገቢያ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ አየሩን በደንብ አያስወጣም። ባለቤቱም ሞተሩ ደከመ ብሎ ሌላ ይገዛል! ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ወይም ሪሞት ያለው ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል።