ማስተካከያ፦ ፏፏቴው ያለው ወዳጅነት ፓርክ ነው

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ስጽፍ «አንድነት ፓርክ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ አንበሳውንም በሙዚቃ የሚጨፍረውን ፏፏቴም እዚያው ታያላችሁ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ፏፏቴውና ሰው ሠራሽ ሐይቁ ያሉት ወዳጅነት ፓርክ ነው። ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ መግቢያቸውም ለየብቻ ነው።

አንዲት እናት ልጆቿ ፏፏቴውን ፍለጋ ቤተ መንግሥቱን ሲዞሩ እንደዋሉ ነግራኛለች። ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጅ ቃል ከተገባለት አይረሳም።

አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ጥቁር ጎፈር አንበሶቹ እዚያ ናቸው። የአጼ ምኒልክ የግብር አዳራሽና የአጼ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ቤትም አሉ። ከዙፋን ቤቱ ሥር ያለውን ምድር ቤት ሳታዩ አትውጡ፤ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበት ነው። ለትንንሾቹ ግን ይከብዳል፣ ተራ በተራ ግቡ።

ወዳጅነት የተመረቀው በዚያው ዓመት ጳጉሜን 5 ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ልጆችን ያደክማል። ቅዳሜ አንዱን፣ እሁድ ሌላውን ብታደርጉት ይሻላል።