የገዛሁትን ቤት ስንቴ ልግዛው?

የለንደን ፍላቴን ሊዝ ላራዝም ብዬ፣ ዛሬ ደግሞ የባለመሬቱ ጠበቃ ሂሳብ በፖስታ መጣልኝ። ከፋዩ ማን ነው? እኔ! ገንዘቤን ለመቀበል የቀጠረውን ጠበቃም፣ ስንት እንደሚቀበለኝ የሚያሰላለትን ገማችም የምከፍለው እኔ ነኝ። በሕግ ነው ደግሞ። ጎሽ! ምሳውንስ ልቋጥርለት?

ለንደን ላይ ፍላት ገዛሁ ስትል እልል ይባልልሃል። ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይጠራል። መሬቱ ግን የሌላ ሰው ነው፤ የገዛኸው ቤት ሳይሆን በሊዝ የምትኖርበትን ዓመት ነው። ዓመቱ ደግሞ ያልቃል። የባንክ ዕዳው፣ ሞርጌጁ ግን በየወሩ ከች ነው።

ሊዙ ከ80 ዓመት በታች ከወረደማ ጉድ ፈላ። ሲራዘም ቤቱ ላይ ከሚጨመረው ዋጋ ግማሹ የባለመሬቱ ነው። ምን ሠርቶ? ጣሪያው ሲያፈስ የት ነበር? ኮሪደሩ ላይ ላለችው፣ ግማሽ ቀን በርታ ግማሽ ቀን ለምትጠፋው አምፖል ሳይቀር ሰርቪስ ቻርጅ የሚሉትን የሕንፃ መጠበቂያ የምንከፍለው እኛ!

በ2024 አዲስ ሕግ ጸደቀ ተባለ። 990 ዓመት ይራዘምላችኋል፣ ያ የግማሽ ነገርም ይቀራል አሉን። ደስ አለን። ከዚያስ? ጸደቀ እንጂ ዋናው ነገር ሥራ ላይ አልዋለም። ጠብቁ ይሉናል። እንዴት ነው የሚጠበቀው? ብንጠብቅ ሊዙ ከ80 በታች ይወርዳል። ባንጠብቅ በአሮጌው ሕግ እንገፈፋለን።

ባለመሬቱማ ምን ቸገረው? እሱ ሊዝ የለበት!