ክርክር፦ በዝምታ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የአምላክ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1933 ጋንዲ ሕንድ ውስጥ በየርዋዳ እስር ቤት ሳሉ የ21 ቀን ጾም እንደሚጾሙ አስታወቁ። በሌሊት ከውስጣቸው ድምፅ እንደሰሙ፣ እሱም የአምላክ እንደሆነ ተናገሩ። ይታመናል?

ደጋፊ፦ ለሂንዱ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥንታዊው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ በሁሉ ውስጥ ሆኖ ሁሉን ከውስጥ ስለሚመራው ያስተምራል። ሌላው ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታም ጌታ በፍጡር ሁሉ ልብ ይኖራል ይላል። መሪው ውስጥ ካለ፣ ሰው ዝም ብሎ ቢያዳምጠው ምን ይገርማል? ጋንዲ ሰኞ ሰኞ አይናገሩም ነበር። የሂንዱው መንፈሳዊ መምህር ራማና ማሃርሺ ደግሞ በ1896 ገና በ16 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው አሩናቻላ ተራራ ሥር ገቡ። እስከ ሞቱበት 1950 ድረስ ከዚያ አልራቁም። ለብዙ ጠያቂ መልሳቸው ዝምታ ነበር። ሰዎች ግን ጥያቄያቸው እንደተመለሰ ተሰምቷቸው ይነሱ ነበር።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ዝምታን ማን ጠላ? የሚያስፈራኝ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው "አምላክ ነገረኝ" ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይከራከሩታል? በ1932 እንግሊዞች "የማይነኩ" ተብለው ለተገለሉት ወገኖች ወኪሎቻቸውን ለብቻቸው የመምረጥ መብት ሊሰጡ ሲሉ ጋንዲ እስከ ሞት እጾማለሁ አሉ። ያንንም በአምላክ ጥሪ የተደረገ አድርገው ያምኑ ነበር። የእነዚህ ወገኖች መሪ አምቤድካር ራሳቸው ከተገለሉት የተወለዱ ናቸው። ጋንዲ ቢሞቱ ጣት የሚቀሰረው በማን ላይ ነው? በወገኖቻቸው ላይ! አምቤድካር ያን መብት የሚተው ስምምነት ሳይወዱ ፈረሙ። ይሄ እኮ ጫና ነው።

ደጋፊ፦ ከባድ ነገር አነሳህ፤ አላቃልለውም። ግን ማንም ተነስቶ ሰማሁ ይበል አልተባለም። በጊታ ውስጥ ጦረኛው አርጁና አእምሮን መያዝ ነፋስን እንደመያዝ ከባድ ነው ሲል፣ አምላኩ ክሪሽና በልምምድና ምኞትን በመተው ይያዛል ብሎታል። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ የሕግ መጽሐፍም የኅሊናን እርካታ የሚያነሳው ከቀደሙት ቅዱሳት መጻሕፍት ከቬዳ፣ ከትውፊትና ከደጋግ ሰዎች ኑሮ ቀጥሎ ነው።

ተቃዋሚ፦ ማኑ? አምቤድካርና ተከታዮቻቸው በ1927 ማሃድ በምትባል ከተማ ያቃጠሉት መጽሐፍ? የተገለለውን ሰው የረገጠው ሕግ ምስክር ሊሆን?

ደጋፊ፦ ታዲያ የተጻፈው ሕግ ሲጨክን ሰው ወደ ምን ይመለስ? የ1933ቱ ጾም እኮ ይህንኑ ማግለል የሚቃወም ነው። ጋንዲ ወደ ልባቸው የዞሩት ለዚህ ነው።

ተቃዋሚ፦ ይዙሩ! አምላክ በሁሉም ልብ ካለ ግን በአምቤድካርም ልብ አለ። እንግዲያው የአንዱ ድምፅ ለሌላው ሐሳብ ሆኖ ይቅረብ፤ ይመዘንም።

ደጋፊ፦ ይመዘን። ለሰማው ሰው ግን ትእዛዝ ነው፤ ያንን ልትነፍገው አትችልም።